ስለሚተነፍሰው አዲሱ መሣሪያዎ

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የሳንባዎ ጤና እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በጣቢያዎ ሃያ ሁለት ዓመት በድምፅ ቴክኒሻንነት አገልግዬ፣ ከአራት ወር በፊት አዲሱ መሣሪያ ሲገባ «በክብር» የተሸኘሁት ሠራተኛ ነኝ፤ የስንብት ደብዳቤዬ ላይ ስሜ ተሳስቶ ስለተጻፈ ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። የማለዳ ዜና አንባቢዋ ታናሽ እህቴ እንደነበረችና ከሞተች አሥራ አራት ወር እንደሆናት ግን አይዘነጉትም፤ ለቀብሯ የአበባ ጉንጉን ልከዋልና።

በጣቢያው መጽሔት ላይ እንደጻፉት፣ የብሮድካስት መሣሪያ አምራቾች ሁሉ ፊታቸውን ሰው ወደማያስፈልገው ስቱዲዮ አዙረዋል፤ እርስዎም ጣቢያችን ከዘመኑ ወደ ኋላ እንዳይቀር፣ ጽሑፍ ሲሰጡት በተመረጠ ሰው ድምፅ የሚያነብ መሣሪያ ገዝተዋል። ለዚህ አርቆ አስተዋይነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥቂት ቅሬታዎቼን ግን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ መልቀቂያዬን ልወስድ በመጣሁ ጊዜ ስቱዲዮውን በመስታወቱ አሻግሬ እንዳይ ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። በእህቴ ወንበር ላይ የመሣሪያው ባዶ ካርቶን ተቀምጧል፤ ማይክራፎኑ ተነቅሏል፤ «በአየር ላይ» የሚለው ቀይ መብራት ግን ይበራል። የጽዳት ሠራተኛዋ መብራቱን ስታይ ዛሬም ባልዲዋን ቀስ አድርጋ አንስታ በእግር ጣቷ ታልፋለች። ማንን እንዳትረብሽ እንደሆነ ብጠይቃት «እንጃ፣ የምትሰማኝ ይመስለኛል» አለችኝ።

ሁለተኛ፦ ድምፁ የተቀዳው በእኔ እጅ ነው፤ ይህን አልክድም። «አዲስ ማይክራፎን ለመሞከር ነው» ተብለን በታዘዝነው መሠረት፣ እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቁጥር፣ የቀን ስምና የመንገድ ስም ስታነብ ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሳንባዋ ታሞ ነበር፤ እኛ ጉንፋን ነው እንል ነበር። በሙያዬ ደንብ ትንፋሽ የሚሰማበት ንባብ ይጣላል፤ ስለዚህ «ትንፋሽሽ ገብቷል፣ ድገሚው» እያልኩ አደከምኳት። እኔ የጣልኩትን ሁሉ ግን መሣሪያዎ ለቃቅሞታል። አምራቹ «ተፈጥሯዊ ትንፋሽ» ብሎ የሚኩራራበት ነገር ስላለው፣ አሁን ከአየር ጠባይ ዘገባው በፊት ያቺ ቆራርጣ የምትስባት አየር ትሰማለች። አድማጭ ወዶታል አሉ። እኔ ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር «ድገሚው» ያልኳት ይመጣብኛል።

ሦስተኛ፦ እናታችን። ልጇን በገዛ እጇ አፈር አልብሳ፣ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳ፣ በስንት መከራ እርሟን አውጥታ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ሬዲዮው በልጇ ድምፅ የዕለቱን ቀን ጠርቶ «በቀጥታ ከስቱዲዮ አብሬያችሁ ነኝ» ባለ ጊዜ ግን ጥቁሯን አውልቃ፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። የድሮ ቅጂ ነው እንዳልላት፣ የሚነበበው እህቴ ከተቀበረች በኋላ ስለተከፈተው ድልድይ ነው። ማሽን ነው ብላት «ማሽን ይተነፍሳል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሯን ወደ ደጅ አውጥታ ትጠብቃታለች። ልጄ ሳትመጣ ብላ እህል አትቀምስም፤ እኔንም እህትህን ደብቀሃታል ብላ አኩርፋኛለች። ሐኪሙ በዚሁ ከቀጠለች ብዙ እንደማትቆይ ነግሮኛል።

ድምፁን እንዲያቆሙ ለሕግ ክፍልዎ ሁለት ጊዜ ባመለክት፣ እህቴ የማይክራፎን ሙከራ መስሏት የፈረመችበትን ወረቀት አሳዩኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የሕግ ክፍልዎ ሞኝ እንዳልሆነ ግን እኔው ምስክር ነኝ። ስለዚህ ልመናዬን አሳነስኩት። መሣሪያው የሰጡትን ሁሉ የሚያነብ ከሆነ፣ ከማለዳው ዜና በፊት አንዲት ጊዜ ብቻ «እማዬ፣ እኔ አልመጣም፤ አትጠብቂኝ፤ ምሳሽን ብዪ» እንዲል ያድርጉልኝ አልኩ። የፕሮግራም ክፍሉም ይህ ዓረፍተ ነገር ከጣቢያው የይዘት መመሪያ ጋር እንደማይጣጣም በፍጹም ጨዋነት ገልጾልኛል።

ለዘመናዊነት ያለዎትን ጥማት እያደነቅሁ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ድምፅዎም ከዕድሜዎ በላይ አንዲት ቀን እንዳይውል እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የቀድሞው ድምፅ ቀጂዎ፣ የዜና አንባቢዋ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስለ እርስዎ የሚወራውን ላይሰሙ ይችላሉ። የተከላ ሠራተኞቹ ትናንት እንደነገሩኝ፣ መሣሪያው ገና ሲታዘዝ፣ እህቴ ሳትቀዳ በፊት፣ መጀመሪያ የተጠየቀው የእርስዎ ድምፅ ነበር፤ እርስዎም «ኋላ የሞትኩ እንደሆነ ልጆቼ ይሰሙታል» ብለው እምቢ ብለዋል። እስከ ትናንት ድረስ፣ ሳያውቅ ነው እያልኩ በየሰዉ ፊት ስከራከርልዎ የነበርኩት እኔ ነኝ።