ያልተመለሰው ካርቶን

የካቲት 6 ቀን 1957፣ ቅዳሜ

ከባለቤቴ ከዘይቱና ጋር ገበያ ወጣን። ሽንኩርቱን «በሙሉ ስፈርልኝ» አለች። ዶሮ ተራ ስንደርስ «ስንት እንግዛ?» አልኳት። «አንድና አንድ።» ሁልጊዜ እንዲህ ናት። «ቆጠራ ላስተምርሽ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አዲስ አበባ በቴሌቪዥን የሚታይ «እንካ ቃል» የሚባል ጨዋታ አለ አሉ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጥንድ ሰው ሊመርጡ ይመጣሉ። ቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። አሰላ ውስጥ ያየ አለ? ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው ወልደአማኑኤል አይቻለሁ ይላል... ውሸቱን ነው መሰለኝ።

የካቲት 10፣ ረቡዕ

የቴሌቪዥኑ ሰውዬ፣ አቶ ኃይለየሱስ፣ ደንቡን ነገረን። አንደኛው ካርቶን ላይ የተጻፈ ቃል ያያል። ለጓደኛው ፍንጭ ይሰጣል፤ ፍንጩ አንዳንድ ቃል ብቻ፣ ከሦስት አይበልጥም። ጓደኛው ቃሉን ራሱን መጥራት አለበት። ዙሪያውን ቢዞር አይቆጠርም። ደወል ከተደወለ አበቃ፣ ቃሉ ለተቃራኒ ያልፋል። ያወጣውን ካርቶን ያልወደደ አንዴ መልሶ ሌላ ማውጣት ይችላል።

እንካ ስላንትያ መስሎኝ ነበር... አይደለም። «ለምን ሦስት ብቻ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ። አሁንም ግራ ገብቶኛል። ቢሆንም ከዘይቱና ጋር ተመዘገብን።

የካቲት 16፣ ማክሰኞ

ከእራት በኋላ እንለማመዳለን። «ነጭ» ስላት «ወተት»። «ብርድ» ስላት «ጭላሎ»! ያጋቡን ሽማግሎች ናቸው፤ እስከዛሬ እምብዛም አናወራም ነበር። አሁን ሳህን እያጠበች ቃል ትወረውርልኛለች። ቴሌቪዥን ላይ ከእሷ ጋር ብታይ... ወድጃታለሁ መሰለኝ። የምጽፈው ለራሴ፣ ምን ያሳፍረኛል?

የካቲት 21፣ እሑድ

ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አባቴ ከአርቦዬ ድረስ መጥተው ከዘራቸውን ይዘው ፊት ተቀመጡ። «አቶ ጉደታ ሁሴኖና ባለቤቱ!» ብሎ ኃይለየሱስ ሲጠራን አንገታቸው ቀና አለ። እየተሸናነፍን መጨረሻ ላይ እኛ ከወልደአማኑኤልና ከሚስቱ ከብርቄ ጋር ቀረን። ነጥብ እኩል። ካርቶን አወጣሁ። «ሁሩታ» ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። የተወለደችበት ከተማ!

«ከተማ» አልኩ።

«ዘመዶችሽ።» ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ልውጥ አለ። «እኛ አገር» አለች።

«ስሙን!» አለ ኃይለየሱስ።

«እናትሽ!» ጮህኩ መሰለኝ።

«እኛ አገር ነው እኮ...»

ደወል። ብርቄ ተቀበለችና ወዲያው ጠራችው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ፊት የነበሩት ሽማግሎች ግን አልሳቁም። አባቴ ደግሞ ፈገግ ብለዋል! ልጃቸው ተሸንፎ?

ቤት ስንገባ «ስሙ ጠፋሽ?» አልኳት። «አልጠፋኝም።» «ታዲያ?» «ካርቶኑን አይተህ ሳቅህ። አልመለስከውም። አሁን ደግሞ ትጠይቀኛለህ?» ፊቷን አዞረች። ለምን እመልሰዋለሁ?

የካቲት 22፣ ሰኞ

ከቢሮ ስመለስ የለችም። በጭነት መኪና ሁሩታ ሄደች አሉኝ ጎረቤቶች። እዚያ ስሙን እንኳ የማትፈልገው ነገር አለ? ቀድሞ ያጫት ሰው? ታዲያ ወደዚያው ትሄዳለች? አንዱም ከአንዱ አልገጥም አለኝ።

የካቲት 24፣ ረቡዕ

ወልደአማኑኤል ቀኑን ሙሉ ስለ ሱፍ ልብስ ልኬቱ ያወራል። ዶሮዎቹን የማበላው እኔ ነኝ። ቤቱ ጭር ብሏል። ናፈቀችኝ።

የካቲት 27፣ ቅዳሜ

አባቴ እህታቸው ቤት ሰንብተው ሊሰናበቱኝ መጡ። «ልጄስ የታለች?» ዘይቱናን ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ... ስሜ ማን ነው?»

«ሁሴኖ።»

«ካርቶኑ ላይ ያለውስ?»

«ሁሩ...»

ለጉ! የአርሲ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ በዚያው ድምፅ የሚጀምረውንም ቃል። ሰምቼዋለሁ እኮ። እናቴ በሕፃንነቴ ሞታ ናዝሬት አጎቴ ጋ አደግሁ፤ ቤታችን ምራት ሲገባ አላየሁም። ከተማ ላይ የቀረ መስሎኝ! አንድና አንድ... ሁለት ብላ አታውቅም። ሁሉን «በሙሉ» ነው የምትለው። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ?

«መመለስ ይቻላል ብሎ ነበር ሰውየው» አሉ። «ስትስቅባት በእኔ ፊት የፈተንካት መስሏታል። ያን ያህል ሰው ሲስቅባት ስሜን ይዛ ቆመች። አንተ ግን...» አልጨረሱትም። አፈርኩ።

የካቲት 28፣ እሑድ

ሁሩታ። አባቷ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ተቀበሉኝ። ደጅ ላይ ቆመን አወራን።

«ወላሂ አላወቅሁም» አልኳት።

«ይኼን ያህል ጊዜ ስቆጥር ምን መሰለህ?»

«ቀልድ።»

አፍጥጣ አየችኝ። ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። «ሂድ አሁን። ላስብበት።» ብቻዬን ተመለስኩ።

መጋቢት 18፣ ቅዳሜ

«እንካ ቃል» ቀረ። ገና ሳይለመድ። በሰዓቱ ፊልም ያሳያሉ አሉ፤ ለምን እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ምስኪን ወልደአማኑኤል አዲሱን ሱፍ ለብሶ ቢሮ መጣ። ሌላ የት ይልበሰው?

ዘይቱና ከገባች ሳምንት አለፋት። ራሷ ናት የመጣችው፣ ሽማግሌም አልላክሁ። ጠዋት ወረቀት ስፈርም የአባቴ ስም ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ስንት ዓመት እንደ ዘበት ስሞነጫጭረው ኖሬያለሁ።

ከሰዓት ገበያ ብቻዬን ወጣሁ። ዶሮ ሻጯ «ስንት ልስጥህ?» አለችኝ።

«አንድና አንድ» አልኩ።

ዶሮዎቹን እንደያዘች ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«የማን ምራት ነህ?»