አልቀመጥም ያሉት ሽማግሌ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

በጀርባሽ አዝለሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ ሙሉዬ፤

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታው፤ ዓይንሽንም ይህን ወረቀት እስክትጨርሺ ያቆይልሽ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው፤ የኔታ ማንበብ እንጂ መጻፍ አላስተማሩኝም። የልጅ ልጄ ሔርሜላ «አባባ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ታይፕ አደርገዋለሁ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። እሷ የማትጽፈው ነገር አለበት። አንቺም ራስሽ አንብቢው። መሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረሽ ለዚች ቀን ነው፤ ለጎረቤት ልጅ አንብብልኝ ብለሽ እንዳትሰጪ።

እኔ ደህና ነኝ። የስኳሩን ኪኒን እውጣለሁ። ልጄ ዓለምፀሐይ ፓልምስ ሰፈር መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር እያለች ትነዘንዘኛለች። የልጆቼ እናት ካረፈችበት ቤት አልወጣም ብያታለሁ። እዚህ ከበር ስወጣ ጋሼ አምሃ የሚለኝ አላጣም፤ እዚያ የሚያውቀኝ የጎረቤቷ ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም ይጮህብኛል።

ነገሩ የሔርሜላ ነው። ዮአብ የሚባል ልጅ ወደደች። ሆስፒታል ነርስ ነው፤ ሰው ሲያይ ብድግ የሚል፣ ጨዋ ልጅ። እናቱና አባቱ እዚህ ናቸው፤ አያቱ አቶ ሶፎንያስ ቫን ናይስ ይኖራሉ። በኅዳር ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሎቹ መጥተው እንደ ደንቡ ሳሎኔ መሀል ቆሙ፤ መልስ ሳይሰሙ አይቀመጡማ። እኔም እንደ ደንቡ ዘሩን ቁጠሩልኝ አልኩ። ግሩም የሚባለው ሽማግሌ የዋህ ሰው ነው፤ እየቆጠረ ሄዶ የልጁ ቅድመ አያት ሀይለገብርኤል ዘንድ ሲደርስ፣ እሳቸው እንኳ የእናንተው አገር ሰው ነበሩ፣ በጣሊያን ጊዜ ቁልቋል በር ላይ ነበሩ አለኝ። የሚያስደስተኝ መስሎት እኮ ነው። በማን በኩል አልኩት። በጣሊያን በኩል አለና ምላሱን ነከሰ።

እኔ በፌርፋክስ ስንት ዓመት ያወራሁትን ታውቂያለሽ። ከገበያው ፊት ለፊት ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ አባቴ ከእንግሊዝ ጋር ተሰልፎ ቁልቋል በር ላይ ጣሊያንን ሲወጋ እግሩን ተመታ፣ እያልኩ ያልነገርኩት ሰው የለም። ስለዚህ ሽማግሎቹን «የአባቴን እግር የሰበረ የባንዳ ዘር ቤቴ አይገባም» ብዬ በቆሙበት መለስኳቸው። እናቷ ዓለምፀሐይ ማጀት ሆና አለቀሰች። ሔርሜላ ግን አላለቀሰችም። አባባ ካልመረቀኝ አላገባም አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን ተወች። ስልክ ስደውል ኦኬ አባባ፣ ኦኬ አባባ፤ ሌላ ቃል የላትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጥምቀት በፊት ባለው እሑድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እነግሩም ናቸው፤ ከፊታቸው አቶ ሶፎንያስ ራሳቸው። የሙሽራ አያት ለገዛ ዘሩ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል? በእኛ ደንብ የለም። ሰውየው ደግሞ ከእኔ የሚበልጡ፣ ያችን ባለ ጎማ መደገፊያ እየገፉ የሚሄዱ ናቸው። እንግዲህ ደንብ ከተጣሰ ይጣስ ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው።

«መልሴን ሳልሰማ አልቀመጥም» አሉ።

«እግርዎ ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«እግሬ ከተንቀጠቀጠ ቆይቷል። አንተን ሲያይ አልጀመረም።»

ደጉ ግሩም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ አቶ ሶፎንያስ ወደ ሰዎቹ ዞር ብለው፣ መኪናው ቀይ መስመር ላይ ነው የቆመው፣ ቅጣት ሳይለጥፉብን ሄዳችሁ አንሱት፣ ማጀት የነበረችውን ዓለምፀሐይንም ቦታ አሳዪአቸው ብለው ሁሉንም አስወጧቸው። መኪናውን ደህና ቦታ ፓርክ እንዳደረጉት በኋላ ነው ያወቅሁት።

ብቻችንን ስንቀር እጃቸውን ወደ ጭናቸው ጀርባ፣ ከጉልበት ከፍ ወዳለው አደረጉ። «የአባትህ የአቶ ተገኘ ቁስል እዚህ ጋ አልነበረም? በግራው?» አሉኝ። እትዬ፣ ከእኔና ከአንቺ ሌላ ያንን ጠባሳ ያየ ማን አለ? አባታችን ሲታጠብ እንኳ ፊቱን ወደ እኛ ነበር የሚያዞረው።

«አባቴ ነው ከምሽጉ ተሸክሞ ያወጣው» አሉ። «እንግሊዝና አርበኛው ኮረብታውን ሲይዙ የምሽጉ ሰው እጁን እያነሳ ወረደ። አባቴ እጁን እንዳያነሳ ጓደኛውን አዝሏል። ነጩን ጨርቅ በጥርሱ ነክሶ ነው የወረደው።»

ምሽጉ የማን እንደነበር እኔ አልጽፈውም። አንቺ ታውቂዋለሽ።

ይህን ያኔውኑ በሽማግሎቹ ለምን አልላኩብኝም ብዬ ጠየቅኋቸው። «ፌርፋክስ ሁሉ እየሰማ?» አሉኝ። «ልጅ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ አባትህን ላዋርድ አልመጣሁም። አሁን ልቀመጥ ወይስ ልሂድ?»

እኔ ያን ጊዜ የማስበው ሌላ ነበር። አባታችን ሲያርስ በሬውን በጣሊያን ቃል «አቫንቲ» እያለ ይነዳ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ አገሩ ሁሉ በሬ እንዲያ የሚነዳ ይመስለኝ ነበር። የጎረቤታችን የአስቴር ሠርግ ላይ አርበኞቹ ዘራፍ እያሉ ተራ በተራ ሲነሱ፣ እኔ አባዬ አንተም ፎክር ብዬ እጁን ስጎትት፣ አንቺ ክንዴን ቆነጠጥሽኝ። እስኪጠቁር ነው የቆነጠጥሽኝ። ሰው ሁሉ ተገኘ ትሑት ነው፣ አይፎክርም ይል ነበር። እኔም ለልጆቼ እንዲሁ አልኩ።

«ይቀመጡ» አልኳቸው።

ሲቀመጡ ወንበሩ ጮኸ። ሰዎቹ ተመልሰው፣ ሽማግሌውን ተቀምጠው ሲያዩአቸው ዓለምፀሐይ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የፎቁ ጎረቤት መሬቱን ደበደበ። ማታ ላይ አባባ ምን አገኘህና ተለወጥህ አለችኝ። ሽማግሌ ሲቆም ማየት አልወድም አልኳት፤ ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ አትሰማም።

ሁለት ነጮች የሰው አገር ሲሻሙ በእኛ ኮረብታ ተገናኙ። የእኛ ልጅ ከዚያም ወገን፣ የእኛ ልጅ ከዚህም ወገን፤ እንግሊዝ ያመጣው የኬንያውና የሱዳኑ ልጅ ደግሞ ስሙን በማያውቀው ቁልቋል ሥር ቀረ። ይህን ሁሉ ዕድሜ አንድ ባንዳ ላይ ስፈርድ ኖሬያለሁ፤ ስሙን ግን ተሳስቻለሁ።

ትናንት ሔርሜላ ወደ ቫን ናይስ ወሰደችኝ፤ አቶ ሶፎንያስን ልጠይቅ። መኪናው እንደ ጉንዳን በተደረደረበት መንገድ ላይ ቆመን ሳለ፣ አባባ የምርህን ንገረኝ፣ ያንተ አባት በየትኛው ሳይድ ነበር አለችኝ።

«በኮረብታው» አልኳት።

«ኮረብታ ሳይድ አይደለም እኮ።»

«የእኛው ነበር» አልኳት። ልቆነጥጣት ነበር፤ መሪ ይዛለች ብዬ ተውኳት።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ፎክር ይሉኛል፤ እኔ ግን እንደ አባቴ እቀመጣለሁ። ከዚያች አግዳሚ ወንበርም ሰሞኑን ስለ ስኳር በሽታ ነው የማወራው።

ለአባታችን ፍትሐት ስታስደርጊ የሀይለገብርኤልንም ስም አብረሽ ለቄሱ ስጪልኝ። ማን ነው ካሉሽ፣ ዘመዳችን ነው በያቸው።

በመንገድሽ ሁሉ ሰላም ይቁም፤ እኔ ሳልቀድምሽ አትቅደሚኝ።

ወንድምሽ
አምሃ ተገኘ