ናጅዋ የሠራችው የልብ መለኪያ

መስከረም 12 ቀን 2014፣ መርሳ

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደረሳዎቼን ቁርአን አቀራሁ። ሁለቱ አርፍደው መጡ፤ መለስኋቸው። ጦርነት ለስንፍና ፈቃድ አይሰጥም።

ባለቤቴ ከድጃ ዛሬም ጋደም ማለት አልቻለችም። ትራስ ተደግፋ ታድራለች፤ ትንፋሿ ያጥራታል። የደሴም የወልድያም መንገድ ዝግ ነው። ሐኪም ከየት ይምጣ?

መስከረም 14

ልጄ ናጅዋ ከምታስተምርበት ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በእግሯ ገባች። አልሐምዱሊላህ! ልብሷን ትታ ራሷ የሠራችውን የልብ መለኪያ ተሸክማ...

አንገትና ጎን ላይ ሽቦ ይለጠፋል፤ ሰው የማይሰማው ጥቂት የባትሪ ኤሌክትሪክ በደረት ያልፋል። ደምና ውሃ ስለሚያሳልፉት ልብ በረጨች ቁጥር በመለኪያው መስኮት ላይ ያለው መስመር ይወዛወዛል፤ ደረት ውሃ ከቋጠረም ያስታውቃል።

ጎረቤታችን ነርስ ሽፈራው ከዝርፊያ ደብቆ ያተረፈው፣ ከሰውነት ውሃ የሚያስወጣ ክኒን አለው። "ሸኽ፣ ውሃ መሆኑን ሳላውቅ ብሰጣት እጎዳታለሁ" ብሎኛል። ልክ ነው።

ነገር ግን ኤሌክትሪክ በከድጃ ደረት? በራሴ ያልሞከርሁትን በሰው አላደርግም። "መጀመሪያ በእኔ" አልሁ።

መስከረም 15

ሽቦው ተለጥፎብኝ ተቀመጥሁ። እንደ ልማዴ አላህን እያወሳሁ ዚክሬን ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርሁ። መስመሩ ተተራመሰ።

"አባ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ። ደረትዎ እየተንቀሳቀሰ አስቸገረኝ።"

"ዚክር ነው እኮ!"

"በልብዎ ያድርጉታ።"

ከድጃ ሳቀች፤ ሳል እስኪያጣድፋት። "ሸኽዬ፣ መርሳን ሁሉ ዝም የሚያሰኙት ሰውዬ ዛሬ አለቃ አገኙ!"

እስከ ዛሬ እኔን ዝም በል ያለኝ ማን ነበር?... ዝም አልሁ። መስመሩ ጠራ። አያምም፣ አይነዝርም። ለከድጃም ፈቀድሁ።

መስከረም 16

ናጅዋ እናቷን ለካች። ጤነኛ ከሆነችው የከድጃ እኩያ፣ ከሽፈራው ሚስት ከየሺ ጋር አነጻጸረች። ደግማ ለካች።

"ውሃ ቋጥራለች፤ ልቧም ደክማለች። ሌላ በሽታ የለባትም ግን አልልም፤ አላየሁም።"

ያላዩትን አለመመስከር... ይህን ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ሽፈራው ክኒኑን ሰጠ። ጨውም ተከለከለ።

መስከረም 21

ከድጃ ጋደም ብላ አደረች።

ጥቅምት 3

ከውርጌሳ ድረስ ሰው መጣ። ለሴቶቹ ናጅዋ፣ ለወንዶቹ ሽፈራው ሽቦ ይለጥፉላቸዋል፤ መስመሩን የምታነበው ናጅዋ ናት። እኔ በሩን እጠብቃለሁ።

"ሸኽ፣ ሐላል ነው?" አለኝ አንድ ሽማግሌ።

"በራሴ ሞክሬዋለሁ። የሠራችውም ልጄ ናት።"

ገብቶ ሽቦው እንደተለጠፈለት በታላቅ ድምፅ በነቢዩ ላይ ሶለዋት ማውረድ ጀመረ። ከበሩ ላይ ጮህሁበት፦ "ዝም በል አንተ ሰው! በልብህ አድርገው!"

ከጓዳ የከድጃ ሳቅ ተሰማ። ረጅም ሳቅ... ሳል የሌለበት።