በስምህ የሚወጣው ድምፅ

ውድ ጋሼ፣

እማዬ «አጎትሽ ፊልሙ ላይ እንድታግዢው እየደወለ ነው፤ ለምን አታነሺለትም?» አለችኝ። እንደ ልጅ ያኮረፍኩ መስሏታል። አንተም እንደዚያ ሳታስብ አትቀርም።

ያላነሳሁት ድምፅህን ከሰማሁ እሺ እንደምል ስለማውቅ ነው።

ስለ ሬዲዮ ድራማችን ቃለ መጠይቅ ስትሰጥ እቤት ሆነን እናዳምጥ ነበር። ጋዜጠኛዋ የጎርፉን ድምፅ እንዴት እንደሠራኸው ስትጠይቅህ «ልምድ ነው» አልካት። ጋሼ፣ ያ ጎርፍ እኮ የእማዬ መታጠቢያ ቤት ነው! ገንዳው ውስጥ ተንበርክኬ እርጥብ ብርድ ልብስ ስጎትት የዋልኩት እኔ ነኝ። እማዬ በሩን እየደበደበች «አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» ስትል፣ የእሷን ጩኸት ከቅጂው ማውጣቱ ራሱ ፍዳ ነበር። ጋዜጠኛዋ «ብቻዎን ነው የሠሩት?» ስትልህ ደግሞ ሳቅ ብለህ «አንዲት ኬብል የምትጠቀልልልኝ ልጅ አለች» አልክ። እማዬ እንኳ ቀና ብላ አየችኝ።

ኬብል! የድምፅ ምህንድስና ዲግሪዬን የኬብል መጠቅለያ አደረግከው።

ሌላም አለ። ጆሮህ ቀጫጭን ድምፆችን መስማት ካቆመ ቆይቷል። ስለማትሰማቸው ከልክ በላይ ከፍ ታደርጋቸዋለህ፤ ተዋናዮቹ የሚናገሩ ሳይሆን የሚያፏጩ ይመስላሉ። አንተ «አለቀ፣ ላኪው» ብለህ ስትወጣ እኔ ቁጭ ብዬ ዝቅ አደርጋቸውና እልካለሁ። እንዳይከፋህ ብዬ አልነገርኩህም። ሰዉ «የእሱ ሥራ ጆሮ አይጎረብጥም» ሲልህ ደረትህን ነፍተህ ትቀበላለህ፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ እሰማለሁ።

ዳይሬክተሩ ፊልሙን የሰጠህ ያንን ድምፅ ወዶ ነው። የኔን። አሁን በእማዬ በኩል «መጥታ ትንሽ ታስተካክልልኝ» ትላለህ። ትንሽ!

የሙያውን ሀሁ ያስያዝከኝ አንተ ነህ፤ አልክድም። ሐኪም ዘንድ ውሰጂኝ ካልከኝ ዛሬውኑ እመጣለሁ። ለፊልሙ ግን መጀመሪያ ለዳይሬክተሩ ራስህ ደውል። «የድራማውን ድምፅ አቀናብራ ሚክስ ያደረገችው የእህቴ ልጅ ናት፤ ይህንንም አብረን እንሠራዋለን» በለው። ስሜ ከስምህ ጎን ይጻፍ፤ ከበላይህ አላልኩም።

እምቢ ካልክ ብቻህን ጨርሰህ አስረክብ። እኔ አልነካውም። ሰዉም አንተ የሠራኸውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ይስማው።

እየወደድኩህም፣ እየተናደድኩብህም፣
የእህትህ ልጅ