ጨለማ ውስጥ ያጠጣሁት ጤና አዳም

ትርሲትዬ፣

ከሄድሽ አምስት ወር ሞላሽ። ዛሬ የምጽፍልሽ አንድ ጥፋት ስላጠፋሁ ነው፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ብዬ። ማን እንደሚነግርሽ ባላውቅም።

የመኝታ ቤቱን መጋረጃ አልከፈትኩትም ነበር። በመጨረሻው ጠዋት ብርሃኑ ዓይንሽን ሲወጋሽ በገዛ እጅሽ የዘጋሽው ነው። ለቀስተኛው ተበተነ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ አርባሽም ወጣ፤ መጋረጃው ግን እንደተውሽው ቆየ። እጅሽ መጨረሻ የነካውን ነገር መንካት አልሆነልኝም። ካልሲዬን በስልክ መብራት ነበር የምፈልገው። አንድ ቀን አንዱን እግር ጥቁር፣ አንዱን ቡናማ አድርጌ ጳውሎስ ደርሼ ተመለስኩ። ማንም ምንም አላለኝም። አንቺ ብትኖሪ በሩን ሳላልፍ ትመልሺኝ ነበር።

በቀለም ቆርቆሮ የተከልሽውን ጤና አዳም ግን አልረሳሁትም። ስትታመሚ ሽታው ደስ ይለኛል ብለሽ ከደጅ ራስጌሽ ያስመጣሽው። በየቀኑ አንድ ስኒ ውሃ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ገንፎ ይዘው መጡ። ሳያንኳኩ፤ ታውቂያቸዋለሽ። ቆርቆሮውን አንስተው፣ ምነው ይሄ እስር ቤት ነው እንዴ ያደገው፣ አሉኝ። ግንዱ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቅጠሉ ገርጥቶ፣ የቀረው ሁሉ በመጋረጃው ጠርዝ ወደምትገባው ስስ ብርሃን አዘንብሏል። ውሃ አንድም ቀን አላጓደልኩበትም አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና፣ ሚስትህ እኮ አስተማሪ ነበረች፣ ብለው ወጡ።

ነበረች። ለስድስተኛ ክፍል ስለ ብርሃን አስተፃምሮ የምትሰጪውን ማስታወሻ ሃያ ዓመት ሙሉ ነጠላ ሰረዙን አርሜልሻለሁ። ያነበብኩት ግን ያን ዕለት ነው።

ውሃ ምግብ አይደለም ብለሽ ከሥሩ ሁለቴ አስምረሽበታል። ምግቡን የሚሠራው ቅጠሉ ራሱ ነው። በውስጡ ያለው ክሎሮፊል ከፀሐይ ብርሃን ቀዩንና ሰማያዊውን ይይዛል፤ ከአረንጓዴው ብዙውን ይመልሳል፣ እኛም የምናየው ያንን የተመለሰውን ነው። በያዘው ኃይል ውሃውን ይሰነጥቃል፣ ኦክስጅኑን ይለቅልናል፣ እኛ ከተነፈስነው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ስኳር ይሠራል። ጨለማ ውስጥ ይህ ሁሉ ይቆማል። ተክሉ ያጠራቀመውን እየበላ መተንፈስ ብቻ ይሆናል ሥራው።

ትርሲትዬ፣ እኔና እሱ በዚህ ክፍል ያጠራቀምነውን ስንበላ ነው የከረምነው። የኔ እንኳ ብዙ ነበር።

መጋረጃውን ብከፍተው የመጨረሻ ሥራሽን ማፍረስ መሰለኝ። ካልከፈትኩት ደግሞ የተከልሽው ይሞታል። ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ ለአንድ መጋረጃ ብዙ ነው።

የእንጦጦ ጭጋግ በገፈፈበት ጠዋት ከፈትኩት። ብርሃኑ ዘው ብሎ ገብቶ አልጋውን አሳየኝ። ባንቺ በኩል ያለው ትራስ እንደተነፋ ነው። ጨለማው ለካ ይህንን ይሸፍንልኝ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወደ ዊንጌት ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች በመስኮቱ ሳያዩኝ አልቀሩም። ይዩ።

ከግንዱ ሥር ሁለት አዲስ ቅጠል ወጥቷል፤ ምስር ያህላሉ። ሽታቸው ገና ነው። የረገፈው አይመለስም።

ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያዘነብል በየእሑዱ ቆርቆሮውን ግማሽ ዙር አዞረዋለሁ፣ እያዞርኩም የሳምንቱን ወሬ እነግርሻለሁ። ከእንግዲህ የማስታውስሽ መጋረጃው ተከፍቶ ነው። እንዲህ ሲሆን የበለጠ ያማል። ቢሆንም አስታውስሻለሁ።

ያንቺው
ጌታሁን