የእንስራ አንቀልባ

መጋቢት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.
ዝናብ። የፋብሪካው ሰርቪስ ሐረጎ ላይ ተበላሽቶ ኮምቦልቻ አርፍደን ደረስን። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ንድፍ በቀለም ስገለብጥ ዋልኩ። ቧንቧ፣ ብሎን፣ ቧንቧ... አመሻሽ ላይ ሰፈሬ ሆጤ ስደርስ እማ ከቦኖ ውኃ ቀድታ፣ እንስራዋን አዝላ እየመጣች አገኘኋት። ገመዱ ደረቷ ላይ ሰምበር አውጥቷል።
“ምን ታፈጪብኛለሽ? ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ነው።”
ከልጅነቷ ጀምሮ! ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው አላሰበበትም?

መጋቢት 9
ማስታወቂያ ተለጠፈ። ምሥራቅ ጀርመን፣ አምስት ዓመት፣ የፋብሪካ ምርት ንድፍ ትምህርት። ከእኛ ፋብሪካ አንድ ሰው። ማመልከቻ፣ የማትሪክ ውጤት፣ አመልካቹ ራሱ ያሰበው የአንድ ዕቃ ንድፍ። ሦስቴ አነበብኩት። ወንበር፣ ማንቆርቆሪያ፣ የበር እጀታ እንዴት እንደሚታሰብ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ ማለት ነው? ስሙን ሳላውቅ ስፈልገው የኖርኩት ይሄን ነው።
ማትሪክ ሦስት ነጥብ አራት አምጥቼ፣ አባባ በሞተ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ቀረብኝ። ይሄኛው ግን አይቀርብኝም። ወላሂ አይቀርብኝም።

መጋቢት 17
ንድፉ አለቀ። የእንስራ አንቀልባ ብዬዋለሁ። በገመዱ ፋንታ ሰፊ የሸራ መታጠቂያ። ወገብ ላይ እንስራው የሚቀመጥበት ጎድጎድ ያለ ጣውላ። ደረት እንዳይጫን ቋጠሮውን ወደ ጀርባ አዞርኩት።
ለአለቃዬ ለጋሼ ደምመላሽ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አዩት።
“ሸሪፋ፣ ይሄን አንቺ ነሽ ያሰብሽው?”
“ታዲያ ማን ያስብልኛል?”
ሳቁ። “ለጥቂት ቀን ተዪልኝ፤ መስመሩን ላስተካክልልሽ።”
ተውኩላቸው። ደግ ሰው ናቸው።

መጋቢት 24
ከጣውላና ከአሮጌ ሸራ ሠርቼ ለእማ አሳዘልኳት። “ማሻአላህ፣ ደረቴ ተነፈሰ!” ብላ ወጣች። ከቦኖ ስትመለስ ግን ደጃፉ ላይ ተገትራ ቀረች።
“ምነው እማ?”
“ብቻዬን እንዴት ላውርደው? ቋጠሮው ከኋላዬ ነው። አንቺ ፋብሪካ ስትውዪ ማን ይፈታልኛል?”
ጎረቤታችን እትዬ አረጋሽ ከአጥሩ በላይ፣ “እንግዲህ እንስራሽን እንዳዘልሽ ትተኛለሽ፣ መዲና!” ብለው ተንከተከቱ።
አፈርኩ። እኔ እንስራ ተሸክሜ ያደግሁት ይሄን እንዴት እረሳለሁ? ወረቀት ላይ መሸከሙን ብቻ አስቤ ማውረዱን ረሳሁት...

መጋቢት 26
አዲስ ንድፍ። ቋጠሮው በግራ ወገብ በኩል፤ ጫፉን በአንድ እጅ ሳብ ሲያደርጉ ይፈታል። ቀኝ እጅ የእንስራውን ጆሮ ይይዛል። እማ አሥር ጊዜ አወረደች፣ አሥር ጊዜ ሠራ።
የመጀመሪያውን ንድፍ ጋሼ ደምመላሽን ጠየቅኋቸው። “የት አስቀምጬው ይሆን...” አሉ። ይቅር። ስህተት ነው፣ ምን ያደርግልኛል?

ሚያዝያ 26
እንደሆነው ልጻፈው።
አመልካቾችን የሚመርጠው ኮሚቴ ከአዲስ አበባ መጣ። ሰብሳቢዋ ጓድ ፀሐይነሽ ይባላሉ። ንድፌን ሳቀርብ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከፋይል ውስጥ ሌላ ወረቀት አወጡ። የኔ አንቀልባ! የመጀመሪያው፣ ከነስህተቱ። ከግርጌው የደምመላሽ ስምና ፊርማ፣ መጋቢት 20። ለካ እሱም አመልክቶ ኖሯል።
“የአለቃሽን ሥራ ነው የገለበጥሽው?” አሉኝ።
ደምመላሽ ጥግ ተቀምጧል። ከዛሬ ጀምሮ አንቱታው ቀርቷል። “ሥራዋ መገልበጥ ነው እኮ፣ ለምዶባት ይሆናል” አለ። ድምፁ እንዴት እንደለሰለሰ!
ፆመኛ ባልሆን የምለውን እኔ አውቃለሁ። ምላሴን ነከስኩ። የሠራሁትን አንቀልባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።
“ከሠራተኛው ክበብ ሁለት እንስራ ውኃ ይምጣ። ጋሼ በፈረሙበት ንድፍ አንዱን እንስራ ይዘሉና ብቻቸውን ያውርዱት። እኔም በኔው።”
ጓድ ፀሐይነሽ ፈገግ አሉ። “ይምጣ።”
ዘበኛው አንቀልባውን ደምመላሽ እንደፈረመበት ንድፍ ከጀርባው ቋጠረለት። ሦስት እርምጃ ሄደ። “አሁን ያውርዱት” ተባለ። እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ አልደረሰም። ዞረ። ግድግዳ ተደገፈ። ላብ አጠመቀው።
“አንድ ሰው ይፍታልኝ እንጂ!”
“ጓድ፣ ይህን የምታዝለው ሴት ቤቷ ማን አላት?” አሉ ጓድ ፀሐይነሽ።
ቁጭ ሊል ሲሞክር እንስራው ከሲሚንቶው ተላተመ። ውኃው ከነስባሪው እስከ ኮሚቴዎቹ ጫማ ድረስ ሄደ። ሁለተኛውን እኔ በዚያው አንቀልባ፣ ቋጠሮውን ወደ ግራ ወገቤ አዙሬ አዘልኩ። ሄድኩ፣ ሳብ አደረግሁ፣ አወረድኩ። ጠብ አላለም።
አሸነፍኩ... አይደል?

ግንቦት 6
አላሸነፍኩም። የተመረጠው ደምመላሽ ነው።
ጓድ ፀሐይነሽ በስልክ አስጠሩኝ። “እህቴ፣ እኔ አምኜሻለሁ፤ በሪፖርቴም ጽፌዋለሁ። ግን ፋብሪካችሁ ስሙን ያስተላለፈው እኛ ሳንመጣ ነው። ከላይ ጸድቆ አገኘሁት።”
ታዲያ እኛን ለምን ፈተናችሁን? ጠየቅኋቸው።
አቤት ብል ሥራ አስኪያጁ ደግሞ፣ “አቤቱታሽን ተዪና የደምመላሽን ወንበር ያዢ” አለኝ። የምፈርምበት ወረቀት ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። “ወንበር አልጠየቅሁም፣ ሃቄን ነው የጠየቅሁት” ብዬ ወጣሁ።

ግንቦት 7
እማ “አብሽሪ ልጄ” ትላለች። እንዴት አድርጌ?

ሰኔ 11
ደምመላሽ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። በሚቀጥለው ወር ይሄዳል። ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብሎ፣ “ያቺን የግራ ወገቧን ንድፍ ብትሰጪኝ... እዚያ አስረዳ ቢሉኝ...”
ሳቄ መጣ። ሰው እንዴት ሁለቴ ይሰርቃል? ያውም ለምኖ!
“ያዘልከውን ብቻህን አውርደው” አልኩት። ጮክ ብዬ። ክፍሉ በሙሉ ሰማ።

ሐምሌ 4
ዛሬ ቦኖው ጋ ቆሜ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሴቶች በአንቀልባዬ ሲያዝሉ። ስምንቱን እኔ ሰፋሁ፤ ሦስቱን ማን እንደሰፋቸው አላውቅም።
አዲስ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ማስታወቂያ እስኪወጣ አልጠብቅም፣ በአለቃ እጅም አይሄድም። በቀጥታ ለጓድ ፀሐይነሽ። ከግርጌው “የዚህን ዕቃ ንድፍ ያሰበች፦ ሸሪፋ አብዱልወሀብ። እማኞች፦” ብዬ ወረቀቱንና የቀለም ሳጥኑን እዚያው ቦኖው ጋ ይዤ ወረድኩ። ሴቶቹ ተራ በተራ በጣታቸው ፈረሙ።
እትዬ አረጋሽ እምቢ አሉ። “መሠረተ ትምህርት የተማርኩት በጣቴ ልፈርም ነው? እስክሪብቶ!” ስማቸው መስመሩን ሞልቶ ወደ ታች ታጠፈ።
የእማ ጣት ከቧንቧው ውኃ እንደወጣ፣ ገና እርጥብ ነበር። አሻራዋ ፈሶ ወረቀቱን አበላሸው። “ውይ! ሌላ ወረቀት አውጪ” አለችኝ።
አላወጣሁም። እንደረጠበ ይሂድ።