ስሙን ያልመለሰችው ጎረቤት

ማርች 3
ዛሬም ዳቦ ቤት ቆሜ ዋልኩ። ዝናብ። ጥቁሩ ዳቦ ገና በጠዋቱ አለቀ። ከመስኮቱ ማዶ ያው የአበባ ሱቁ... ያው ሰሌዳው... "አበባ ቤት ፖገንኮልክ"። አረንጓዴ፣ ትልልቅ ፊደል። ዳቦ ስቆርጥ አየዋለሁ፣ ሳንቃ ስጠርግ አየዋለሁ።
አንዷ ሴትዮ ገባችና "የፖገንኮልክን ዳቦ ልውሰድላት" አለችኝ።
"የማንን?" አልኩ፣ እያወቅኩ።
"የፌሬናን ነዋ! ሌላ ማን አለ?"
ሌላ ማን አለ... የአበባ ሱቁ ባለቤት ፌሬና የእጮኛዬ የላምበርት የድሮ ሚስት ናት። ከተፋቱ ሦስት ዓመት ሆናቸው፣ በጋብቻ የወሰደችው የቤተሰቡ ስም ግን እስከ ዛሬ እሷ ላይ ነው። እኔ ላምበርትን በሜይ ላገባው ነው፣ ግን ገና ማየር ነኝ። ጌዛ ማየር። ማየር ደግሞ እንደ አሸዋ ነው፣ ገበያ መሀል ቆመው "ማየር!" ቢሉ ግማሹ ሰው አቤት ይላል።

ማርች 8
እሁድ። ላምበርት እርሻ ላይ ዋልኩ። ከጓሮ ያለው ኩሬ ውስጥ እንቁራሪቶቹ መጮህ ጀምረዋል። ፖገንኮልክ ማለት በዚህ አገር በጥንቱ ቋንቋ የእንቁራሪት ኩሬ ማለት ነው፣ ያ ኩሬ። ላምበርትን ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት "ኳ! ኳ!" እያሉ ያበሽቁት ነበር። አሁን ግን ይኮራበታል።
"በጀርመን ምድር ይህ ስም ያለን አራት ሰው ብቻ ነን፣ ታውቂያለሽ?" አለኝ ድንች እየላጠ።
"እነማን?"
"እኔ፣ እማዬ፣ ገዳም ያለችው አክስቴ..."
"አራተኛዋስ?"
ድንቹን አገላብጦ አየ። "ፌሬና።"
እኔ ብዙ አልተማርኩም። ሩብ ዳቦ ስንት እንደሆነ ግን አውቃለሁ፣ በየቀኑ የምቆርጠው እኔ ነኝ። የስሙ ሩብ የሷ ነው! ቤቷስ... ሲፋቱ አጥሩ ሥር ያለችውን ትንሿን ቤት ሰጧት። ዶሮዎቿ አጥር ዘለው እኛ ጋ ይጭራሉ። ራሷስ መቼ ትዘላለች?

ማርች 19
ኧረ ጉድ ነው። ኢንጎ ዳቦ ቤት መጣ፣ ጣሪያ ሠሪው፣ የፌሬና አዲሱ ሰውዬ። ሊያገባት ነው። እሱስ ደግ፣ ግልግል አልኩ በልቤ። ከዚያ ጋሽ ክሌመንስን፣ አለቃዬን፣ ምን ይለዋል?
"ከእንግዲህ ሙለር እንዳትለኝ። ፖገንኮልክ ልሆን ነው።"
"አንተ ሰውዬ፣ እንቁራሪት ልትሆን?"
"ጣሪያ ላይ ሆኜ ሙለር ሲባል ሦስት ሰው ይዞራል፣ ጋሼ! እንቁራሪትስ ብሆን አንድ ለናቱ!"
ሳቁ። እኔ ዳቦውን አጣምሜ ቆረጥኩት። ይሆናል እንዴ? ብዬ ጠየቅኩ። ይሆናል አለ፣ ማዘጋጃ ቤት ጠይቀዋል፣ ሴት በጋብቻ ያገኘችውን ስም ለአዲሱ ባሏ መስጠት ትችላለች። ሕግ ነው።
ላምበርት ለሷ ሰጣት፣ እሷ ለኢንጎ፣ ልጅ ሲወልዱ ለልጁ... እኔ ስደርስ ምን ሊተርፈኝ ነው? ፍርፋሪ?

ማርች 21
ሄድኩ። ሱቋ ገባሁ፣ የዳቦ ቤት ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ። ፌሬና የአበባ ግንድ ትቆርጣለች። ቆንጆ ናት። ምን ያደርጋል፣ ቆንጆ ናት።
"ስሙን መልሺ" አልኳት።
"ምኑን?"
"ስሙን። የላምበርትን።"
መቀሱን አስቀመጠች። "ጌዛ... ስም እኮ የተዋስኩት መጥበሻ አይደለም። አሥር ዓመት ሠራሁበት። ሰው በሱ ነው የሚያውቀኝ።"
"ሰሌዳውንስ?"
"ሰሌዳው ሲሰቀል መሰላሉን የያዘልኝ ላምበርት ነው። ባለፈው መከር። ሂጂ ጠይቂው።"
ባለፈው መከር! እኔን ካወቀኝ በኋላ!
ስወጣ ቱሊፕ አበባ አስታቀፈችኝ። ወንዙ ውስጥ ወረወርኩት። አንዱን ግን አስቀረሁ... ለምን እንደሆነ እንጃ።

ማርች 22
"መሰላል ያዝክላት?" አልኩት ላምበርትን።
"ነፋስ ነበር።"
"ነፋስ?"
"ነፋስ ነበር ጌዛ! ትውደቅ እንዴ?"
አዎ ትውደቅ፣ ልል ነበር። አላልኩም። "ለኔስ መቼ ያዝክልኝ?" አልኩ። "አንቺ የት ወጥተሽ?" አለ። እሱም እውነቱን ነው... እኔ የት ወጥቼ አውቃለሁ?

ኤፕሪል 20
የሠርጉን ልብስ ለካሁ። ወገቡ ሰፋኝ፣ ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ "ከመጠን በላይ ታስቢያለሽ" ትላለች። ባስብስ? ሄጄ ፈርሜ፣ ስሙን ተሸክሜ፣ ሰዉ "ሁለተኛዋ" ቢለኝስ? እሱስ ተኝቶ በሷ ስም ቢጠራኝስ? ስማችን እንደሆነ አንድ ነው። በምን ይለየናል?
ልቅር ይሆን?

ሜይ 5
ይባስ። እዚህ ሙሽራ ያለበት በር ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ከጥድ ቅጠልና ከወረቀት ጽጌረዳ ጉንጉን ይሠራል። የሚመራው የመጀመሪያው ጎረቤት ነው፣ ቤቱ ቅርብ የሆነው። ታዲያ ቅርብ ማን ነው? ፌሬና!
"ሌላ ጎረቤት ይሥራው" አልኳቸው እትዬ ሂልትሩድን፣ የላምበርትን እናት።
"ጎረቤት አይመረጥም ልጄ። ስትወልጂ መጀመሪያ የምትመጣው እሷ ናት። ስሞት ሬሳዬን የምታነሳው እሷ ናት። ወግ ነው።"
"ታዲያ ከነጭራሹ እሷው ታግባልኝ!"
እትዬ ሂልትሩድ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሜይ 14
ነገ ፊርማ ነው።
ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ ጉንጉኑን ሊሠራ መጣ። ወጉ ሙሽራዋ አረቄ ትቅዳ ነው። ከመስኮት ፌሬናን አየኋት... ሽቦ በጥርሷ ይዛ፣ ጥዱን እየጠመዘዘች፣ "እዚህ አጥብቁት፣ እዚያ አላሉት" እያለች፣ ልክ እንደ ቤቷ! አልቻልኩም። ሄጄ የጥጆቹ በረት ውስጥ ተደበቅኩ። ገለባ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ውጭ "ሙሽሪት የታለች? ጉሮሯችን ደረቀ!" ይላሉ።
እትዬ ሂልትሩድ መጡ። ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ።
"አላገባም" አልኩ። "ስሙ የሷ ነው።"
"የሷ አይደለም። ያንቺም አይሆንም። የላምበርትም አይደለም።" በጣታቸው ወደ ኩሬው አሳዩኝ። "የሱ ነው። የላምበርት አባት ዮዜፍ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቤተሰቡ ስም ብሩኒንግ የሚባል ሰው ነበር። አንድ ሻንጣና አንድ ውሻ ይዞ ወደ አባቴ እርሻ መጣ፣ ስሙን በር ላይ ጥሎ ገባ። ጥንት ሁሉም እንደዚያ ነበር። እዚህ እርሻ የገባ ሰው ይህን ስም ለበሰ፣ ሌላ እርሻ ያገባ ወንድም አውልቆት ወጣ፣ የዚያን ቤት ስም ያዘ። ለዚህ ነው ጥቂት የሆንነው። ሰው አልቆ አይደለም፣ ስሙ ከቅጥሩ ስለማይወጣ ነው።"
"እሷ ይዛው ወጣች!"
"የት ወጣች? ይኸው እዚህ ጽጌረዳ ስትጠመዝዝልሽ!"
ቀና ስል ላምበርት በሩ ላይ ቆሟል። ጠጉሩ ላይ የጥድ ቅጠል። ሁሉንም ሰምቷል መሰለኝ።
"እኔ ማየር እሆናለሁ" አለ።
"ምን አልክ?" አሉ እናቱ።
"አባዬ ለአንቺ ስሙን ጥሎ መጣ። እኔ ለጌዛ ብጥል ምን አለበት? ነገ ማዘጋጃ ቤት ማየር ብለን እንፈርማለን።"
እትዬ ሂልትሩድ የጥጆቹን አጥር ያዙ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ "እሺ... ግን ማየር!" አሉ። "ቢያንስ ሌላ ስም ቢኖራት!"
ስሙን ሊጥልልኝ ነው... ያንን የሚኮራበትን ስም። ለሷ ምን ጥሎላት ያውቃል? መሰላል ያዘላት እንጂ!
ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳ። ከዚያ ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣብኝ... ቆይ፣ እሱ ማየር ከሆነ ፖገንኮልክ ለማን ሊቀር ነው? ለፌሬናና ለኢንጎ? ብቻቸውን? ጭራሽ!
"አይሆንም" አልኩ፣ ከገለባው ተነስቼ። "ስሙን እፈልገዋለሁ።"
እትዬ ሂልትሩድ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። ላምበርት ምንም አልገባውም።
ወጣሁ። ፊቴ አብጦ፣ ቀሚሴ ላይ ገለባ። አረቄውን አንስቼ ቀዳሁ። ሁሉም አጨበጨበ። ፌሬና ጋ ስደርስ እጇን አየሁት፣ ሽቦው ቧጥጦታል፣ ደም አለው። ለኔ በር።
"አበዛሽው" አልኳት፣ ጽጌረዳውን ማለቴ ነው።
"ሰው ይየው ብዬ" አለች። አረቄውን በአንድ ጊዜ ጨለጠችው።
ያምራል። ምን ያደርጋል፣ በጣም ያምራል።

ሜይ 15
ፈረምኩ። ስሙ ረጅም ነው፣ መስመሩ አልበቃኝም፣ መጨረሻው ወደ ላይ ተጣጥፎ ወጣ። ጸሐፊዋ ስቃ "ትለምጂዋለሽ፣ ወይዘሮ ፖገንኮልክ" አለችኝ።
ዞር ብዬ አየሁ። እኔን ነው።

ኦገስት 27
ፌሬና ቅዳሜ ታገባለች። የሷ የመጀመሪያ ጎረቤት ማን ነው? እኔ! ወግ ነው።
ሳምንቱን ሙሉ ጽጌረዳ ስጠመዝዝ ሰነበትኩ። መጀመሪያ አቅጥኜ ልሠራው ነበር፣ እውነቱን ልጻፍ። ሁለት ረድፍ፣ ይበቃታል። ከዚያ የአበባ ነጋዴዋ በር ላይ ሰው ቆሞ "ጌዛ ይህችን ሠራች" ሊል ነው ብዬ አሰብኩ። አፈረስኩት። አሁን የኔው በር ላይ ከነበረው ይወፍራል። በዓይኔ ለክቼዋለሁ። ጣቶቼ ተልጠዋል።
ኢንጎ እየመጣ "ስሜን በትልቁ!" ይለኛል። ጉንጉኑ ላይ በሚሰቀለው ሰሌዳ በትልቁ ጻፍኩለት፣ ፌሬናና ኢንጎ ፖገንኮልክ። ስጽፈው ትንሽ ወጋኝ... ትንሽ።
ዛሬ ሰቀልነው። ፌሬና ከታች ሆና አንጋጣ አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች። እሰይ! እሷም ትንሽ ትቅና።
ላይ ሆኜ ምስማር ስመታ መሰላሉን የያዘልኝ ላምበርት ነው። ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም፣ ነፋስ የሚባል አልነበረም።